የወር አበባ ሲቀር ደሙ የት ይሄዳል?

«ሲስተር፣ መርፌውን ከጀመርኩ ወዲህ አበባዬ ቀርቷል። ደሙ ሆዴ ውስጥ ተጠራቅሞ በሽታ አይሆንብኝም?»

ውድ አንባብያን፣ ይህ ጥያቄ ለእኛ ለአዋላጅ ነርሶች አዲስ አይደለም። ጠይቃ የምትረዳ እናት መልካም አደረገች። የሚያሳዝነው ግን ሳይጠይቁ መርፌውን በፍርሃት አቋርጠው፣ ሳያስቡት አርግዘው የሚመጡት ናቸው። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን የጥያቄውን መልስ ከሥሩ እንመለከታለን።

ሰውነት ሚዛኑን እንዴት ይጠብቃል?

ለፑኝዶ ሰው ስለ ሙቀት አይነገረውም። በየካቲትና በመጋቢት ፀሐዩ ሲበረታ ብዙ ውኃ በላብ ይወጣል። ያን ዕለት ሽንት እንደሚያንስና ይበልጥ ቢጫ እንደሚሆን ልብ ብላችኋል? በደም ውስጥ ያለው ውኃ ሲቀንስ አንጎል ያውቃል። ከአንጎል ሥር የምትገኘው ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢም መልእክተኛ ወደ ደም ትልካለች። መልእክቱ ኩላሊት ዘንድ ሲደርስ «ውኃውን ቆጥብ» የሚል ነው። ጠጥታችሁ ስትረኩ መልእክቱ ይቀንሳል፤ ሽንትም ይበዛል።

ይህን የመሰለው መልእክተኛ ሆርሞን ይባላል። ቆሽት ኢንሱሊን በሚባለው ሆርሞን የደምን ስኳር ያስተካክላል። አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ ዕጢ ደግሞ ሰውነት ጉልበቱን የሚጠቀምበትን ፍጥነት ይወስናል። ይህ ዕጢ አዮዲን ሲያጣ እንቅርት ሊመጣ ስለሚችል አዮዲን ያለበት ጨው መጠቀም ይመከራል። ዕጢዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በአንድ ደንብ ነው፤ ሲጎድል ትእዛዝ ይሄዳል፣ ሲበቃ ትእዛዙ ይቆማል።

የወር አበባም በዚሁ ደንብ ይመራል

ፒቱታሪ በየወሩ በምትልከው ትእዛዝ አንዲት የሴት ዕንቁላል ትበስላለች። በዚህ ጊዜ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የማኅፀንን የውስጥ ግድግዳ ያወፍራል። ዕንቁላሏ ከወጣች በኋላ ፕሮጄስትሮን የተባለው ግድግዳውን ለፅንስ ያሰናዳል። እርግዝና ካልመጣ ሁለቱም ሆርሞኖች ይቀንሳሉ፤ የተሰናዳው ግድግዳ ከደም ጋር ይወርዳል። የወር አበባ ማለት ይኸው ነው። ለእንግዳ የተነጠፈ ምንጣፍ እንግዳው ሲቀር እንደሚነሣ ማለት ነው እንጂ የተጠራቀመ መጥፎ ደም አይደለም።

መርፌው ምን ያደርጋል?

በየ3 ወሩ የሚሰጠው ዴፖ-ፕሮቬራ ፕሮጄስትሮንን የሚመስል ሆርሞን ይዟል። ሰውነት ይህን በደም ውስጥ ሲያገኝ «በቂ ነው» ብሎ ትእዛዙን ይቀንሳል። ዕንቁላል አይበስልም፤ የማኅፀን ግድግዳም ስስ እንደሆነ ይቆያል። ያልተነጠፈ ምንጣፍ አይነሣም፤ ስለዚህ የሚጠራቀም ደም የለም። መርፌውን አንድ ዓመት ከተጠቀሙ ሴቶች ግማሽ ያህሉ የወር አበባ አያዩም።

ይህን ከጡት ማጥባት ጋር አስተያዩት። ሕፃን አዘውትሮ ሲጠባ የእናቲቱ ሆርሞኖች የወር አበባዋን ለወራት ሊያዘገዩት ይችላሉ። ያን ጊዜ ግን ደም ተጠራቀመብኝ ብላ የምትሰጋ እናት ብዙም የለችም።

ባልና ሚስት ልታውቁት የሚገባ

1. በመጀመሪያዎቹ ወራት ደም ያለ ጊዜው ጠብ ጠብ ሊል ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። ከ8 ቀን በላይ ከቆየ ወይም ከተለመደው እጥፍ ከሆነ ግን ወደ ክሊኒክ ኑ።

2. የቀጠሮው ቀን አልፎ አበባ ከቀረ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል።

3. መርፌው መካን አያደርግም። ሆኖም ካቆሙ በኋላ እርግዝና ሊዘገይ ይችላል፤ ከመጨረሻው መርፌ አንሥቶ በአማካይ 10 ወር ያህል ይወስዳል። ቶሎ ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ ስለ ሌላ ዘዴ አማክሩን።

4. መርፌው ከኤች አይ ቪ አይከላከልም፤ ለዚያ ኮንዶም ያስፈልጋል።

በመጨረሻም አንድ ቃል ለባሎች፦ ሚስትህ «አበባዬ ቀረ» ስትልህ አትቆጣ፣ አትጠራጠርም። በሚቀጥለው ቀጠሮዋ አብረሃት ና፤ ጥያቄህንም ይዘህ ና። መርፌውን ለመቀጠልም ሆነ ለመለወጥ የምትወስኑት ሁለታችሁም ነገሩን ስታውቁት ይሁን።