ስለ ፕሪዮን በሽታና ስለ ሕክምና መሣሪያዎች ንጽሕና

የጨጓራ ሕመም የጸናበት ሰው ከጌጫ፣ ከማሻ ወይም ከቴፒ ተነሥቶ ከፍ ወዳለ ሐኪም ቤት ሲላክ፣ ሐኪሙ በኤንዶስኮፒ መሣሪያ እንዲመረመር ያዝዝለት ይሆናል። ይህ መሣሪያ በጫፉ መብራትና ካሜራ ያለው፣ የሚተጣጠፍ ቀጭን ቱቦ ሲሆን፣ በአፍ ገብቶ የጉሮሮንና የጨጓራን ውስጠኛ ገጽ ያሳያል። ዋጋው ከፍተኛ ስለ ሆነም አንዱ መሣሪያ ብዙ ሕመምተኞችን ያገለግላል። ስለዚህ «የሌላው ሰው ደዌ ወደ እኔ አይተላለፍብኝምን?» ብሎ መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ጥያቄ ነው። በዚህ ወር ትምህርታችን ለዚሁ ጥያቄ መልስ ለመስጠት፣ ከመሣሪያ ላይ ለማስለቀቅ እጅግ አስቸጋሪ የሆነውን የፕሪዮንን በሽታ ምሳሌ አድርገን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፕሪዮን ምንድን ነው?

ፕሪዮን እንደ ባክቴሪያ ወይም እንደ ቫይረስ ያለ ተሐዋሲ አይደለም። በጤነኛ ሰው አንጎል ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን ቅርጹ ሲጣመም የሚፈጠር ነው። የተጣመመው ፕሮቲን አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ፕሮቲን እንደ ራሱ እያጣመመ ይበዛል፤ የአንጎልንም ሕዋሳት ይገድላል። ስሙን በ1982 ያወጡለት አሜሪካዊው ሐኪም ስታንሊ ፕሩሲነር ሲሆኑ፣ በዚሁ ጥናታቸው በ1997 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

በሰው ላይ ከሚታዩት የፕሪዮን በሽታዎች ዋነኛው ክሮይትስፌልት ያኮብ ይባላል። ሕመምተኛው አእምሮው ይደክማል፣ ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል፣ መራመድ ይሳነዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞታል። መድኃኒት አልተገኘለትም። ይሁን እንጂ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ሰው 1 ወይም 2 ብቻ የሚይዝ፣ እጅግ ብርቅ የሆነ ደዌ ነው። ከዚህ የተለየ ሌላ ዓይነት ደግሞ «የእብድ ላም በሽታ» ከያዛቸው ከብቶች ወደ ሰው መተላለፉ በ1996 በእንግሊዝ አገር ታወቀ። የዚህ ዓይነቱ ፕሪዮን በአንጎል ብቻ ሳይወሰን በቶንሲልና በአንጀት ውስጥም በመገኘቱ፣ የኤንዶስኮፒ መሣሪያን ስለ ማጽዳት የሚደረገው ጥንቃቄ ከዚያ ወዲህ ጨመረ።

በዙሪክ የደረሰው ነገር

በ1974 በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ፣ የክሮይትስፌልት ያኮብ በሽታ የነበረባት አንዲት ሴት አንጎል ውስጥ ለምርመራ የብር ሽቦዎች ገብተው ነበር። ሽቦዎቹ ከወጡ በኋላ በቤንዚንና በ70 በመቶ አልኮል ተጠረጉ፤ በፎርማሊን እንፋሎትም ታጠኑ። ከዚያም የሚጥል በሽታ ለነበረባቸው ለ2 ወጣቶች አገለገሉ። ሁለቱም ወጣቶች 2 ዓመት ሳይሞላ በዚያው ደዌ ተያዙ። ቈይቶም ሽቦዎቹ በቺምፓንዚ አንጎል ውስጥ ለሙከራ ሲገቡ እንስሳዋም ታመመች።

እንግዲህ አልኮልና ፎርማሊን ሌሎችን ተሐዋስያን ሲገድሉ ፕሪዮንን ስለ ምን ሳያጠፉት ቀሩ? ምክንያቱ እነዚህ መድኃኒቶች ፕሮቲንን የሚያደርቁና በብረት ላይ የሚያጣብቁ መሆናቸው ነው። እንቁላል የነካው ሳሕን በፈላ ውኃ ሲታጠብ እንቁላሉ በስሎ እንደሚጣበቅ ሁሉ፣ ሳይታጠብ መድኃኒት የተደረገበት መሣሪያም እድፉን አጥብቆ ይይዛል።

በሐኪም ቤት ሊደረግ የሚገባው

የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 በፕሪዮን ለተነካ መሣሪያ ከመከራቸው መንገዶች መካከል፣ በ1 ሊትር ውኃ 40 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በጥብጦ ለ1 ሰዓት መንከር፣ እንዲሁም በአውቶክላቭ በ134 ዲግሪ ሙቀት ለ18 ደቂቃ ማቈየት ይገኙበታል። ይህም የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ እንጂ የቤት ሥራ አይደለም። ውኃ ማፍላት ብቻውን አይበቃም፤ እንደ ጌጫ ባለ ደጋ አገርማ ውኃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። አውቶክላቭ ግን እንፋሎቱን አምቆ ስለሚይዝ ሙቀቱን ከዚያ በላይ ያደርሰዋል።

የኤንዶስኮፒ ቱቦ ይህን ሙቀትም ሆነ ይህን ሶዳ አይችልም። ስለ ሆነም ጥንቃቄው የሚጀምረው ከምርመራው በፊት ነው። በሽታው የሚጠረጠርበት ሰው የተመረመረበት መሣሪያ ለብቻው ይቀመጣል እንጂ ለሌላ ሰው አይውልም። ለሁሉም ሕመምተኛ ደግሞ የሚከተለው ሥርዐት ይፈጸማል።

1ኛ/ ቱቦው ከሕመምተኛው እንደ ወጣ፣ እድፉ ሳይደርቅ ወዲያው ይታጠባል።
2ኛ/ የውስጥ ቀዳዳዎቹ ሁሉ በብሩሽና በማጽጃ ይፈተጋሉ።
3ኛ/ ከዚህ በኋላ ብቻ በተሐዋስያን ማጥፊያ መድኃኒት ይነከራል።
4ኛ/ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ፣ ውስጡም ውጭውም ደርቆ ይሰቀላል።
5ኛ/ ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ መቈንጠጫ ለሁለተኛ ሰው ፈጽሞ አይውልም።

በእኛ በኩል

በኤንዶስኮፒ ምክንያት የፕሪዮን በሽታ ተላለፈበት ተብሎ የተረጋገጠ ሰው እስካሁን የለም። ስለዚህ የጨጓራ ቁስል ወይም ካንሰር የሚጠረጠርበት ሰው በፍርሃት ምርመራውን ቢተው፣ የሩቁን ስጋት ሸሽቶ በቅርቡ አደጋ ይወድቃል። በቤተ ሰቡ እንዲህ ባለ የአንጎል ደዌ የሞተ ሰው ካለ አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ የመሣሪያውንም ንጽሕና በትሕትና ይጠይቅ።

ከዚህ ይልቅ ሊያስፈራን የሚገባው በየመንደሩ ያለው ምላጭ ነው። እንጥል ሲቈረጥ፣ ዋግምት ሲታገም፣ ልጅ ሲገረዝ፣ ጆሮ ሲበሳ አንድ ስለት ከሰው ወደ ሰው ቢዘዋወር፣ የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ያስተላልፋል። እንጥል ማስቈረጥ ፈጽሞ ሊቀር ይገባል፤ ግርዛት በጤና ጣቢያ ይፈጸም፤ መርፌም ከማሸጊያው ሲወጣ በዓይናችን እንይ።

ለመምህራን

በሁለት ሳሕኖች ላይ የእንቁላል አስኳልና ውኃ ቀቡ። አንደኛውን ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና እጠቡ፤ በሁለተኛው ላይ የፈላ ውኃ አፍስሱና አድርቃችሁ በማግሥቱ እጠቡ። ተማሪዎቹም የሚከተሉትን ይመልሱ።

ሀ/ የትኛው ሳሕን በቶሎ ጠራ? ስለ ምን?
ለ/ የዙሪክ ሐኪሞች መድኃኒት ተጠቅመው ሳለ ደዌው ስለ ምን ተላለፈ?
ሐ/ በሰፈራችሁ ከሰው ወደ ሰው የሚዘዋወሩ ስለቶች የትኞቹ ናቸው?

የሦስተኛው ጥያቄ መልስ በክፍል ውስጥ ሳይቀር ወደ ወላጆች ዘንድ እንዲደርስ መምህራንን አደራ እንላለን።