ዳገት ላይ ጉልበትዎን ያምዎታል? መጀመሪያ ማርሽዎን ይመልከቱ



በዚህ ወር ስለ ምግብ ዘይት ልንጽፍ አስበን ነበር። ነገር ግን አንድ የሽሮ ሜዳ ነዋሪ የሆኑ ወንድማችን ያጋጠማቸው ነገር ርዕሳችንን አስቀየረን። እኚህ ሰው 52 ዓመታቸው ነው። የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ካወቁ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሐኪማቸው "በእግርም ሆነ በሌላ መንገድ ይንቀሳቀሱ" ባሏቸው ጊዜ ልጃቸው ትቷት የሄደችውን ባለ ማርሽ ብስክሌት አስጠግነው ከቤታቸው እስከ አራት ኪሎ ወደ ሥራ ይመላለሱባት ጀመር። በጥቂት ወራት ውስጥ ክብደታቸው ቀነሰ፤ ጠዋት በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳራቸውም ወረደ። አልሐምዱሊላህ ብለው ሳይጨርሱ ግን ሌላ ነገር መጣ። ጠዋት ነፋስ እየተቀበሉ ቁልቁል የሚወርዱት መንገድ ማታ ዳገት ነው። ከቀኝ ጉልበታቸው ሎሚ ሥር ይጠዘጥዛቸው ጀመር። ቀጥሎ ደረጃ ሲወርዱ ያማቸዋል፤ ከዚያም ከሱጁድ ሲነሡ። በመጨረሻ "ብስክሌቷን ልሸጣት ነው፤ ለእኔ ዕድሜ አልሆነችም" አሉኝ።

ብስክሌቷ ብትሸጥ ጉልበታቸው ሊያርፍ ይችላል። ስኳሩ ግን ተመልሶ እንደሚወጣ እሳቸውም እኔም እናውቅ ነበር። ስለዚህ ከመሸጥዎ በፊት ዳገቱን በየትኛው ማርሽ እንደሚወጡት ያሳዩኝ አልኳቸው። አሳዩኝ። ከፊት ካሉት ሦስት ማርሾች ትልቁ ላይ ነበሩ። "ትንሿስ?" ስላቸው "እሷ የልጅ ናት፤ እግር ብቻ ታንቀዠቅዣለች" አሉና ሳቁ። ኋላ ስናየው የማርሽ ገመዱ ዝጎ ደርቋል። ቢፈልጉም ወደ ትንሿ መሄድ አይችሉም ነበር።

ማርሽ ምን ይሠራል?

እኔ የጤና ባለሙያ እንጂ የብስክሌት ጠጋኝ አይደለሁም። የሚከተለውን ያስረዳኝ በሰፈራችን ብስክሌት የሚጠግን ወጣት ነው፤ ስሌቱን ግን ቤቴ ገብቼ ራሴ ሠርቼዋለሁ።

የፊት ማርሹን ጥርስ በኋላ ማርሹ ጥርስ ሲያካፍሉት ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር የኋላ ጎማው ስንት ጊዜ እንደሚዞር ያገኛሉ። የወንድማችን ብስክሌት ጎማዋ 26 ኢንች ነው፤ ዙሪያው 2 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከፊት 44፣ 32 እና 22 ጥርስ አላት። ከኋላ ትንሹ 14፣ ትልቁ 28 ጥርስ ነው። በ44 እና በ28 ሲሄዱ ጎማው ከአንድ ተኩል ጊዜ ጥቂት በላይ ይዞራል፤ በአንድ ዙር ፔዳል 3 ሜትር ከ25 ይጓዛሉ ማለት ነው። በ22 እና በ28 ቢሄዱ 1 ሜትር ከ63 ብቻ ይጓዙ ነበር። ኋላው 34 ጥርስ ቢሆን ደግሞ 1 ሜትር ከ34።

ታዲያ አጭር መጓዝ ምን ይጠቅማል? በ100 ሜትር ርቀት 8 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ያስቡ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ በሆነች ብስክሌት ይህን ዳገት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 100 ዋት ያህል ኃይል ያስፈልገዋል። ይህ ኃይል በየትኛውም ማርሽ ያው ነው። ማርሽ ሸክሙን አይቀንስም፤ ሸክሙን ወደ ትናንሽ እሽጎች ይከፋፍለዋል እንጂ። አንድ ኩንታል ጤፍ በአንድ ትከሻ ማንሣትና በአምስት ጊዜ ተሸክሞ ማድረስ እንደሚለያዩ ሁሉ ማለት ነው። በ44 እና በ28 የሚወጣው ሰው በደቂቃ 26 ጊዜ ብቻ ይረግጣል፤ በየዙሩ ፔዳሉን የሚገፋው ጉልበት በአማካይ የ23 ኪሎ ያህል ክብደት ነው። በ22 እና በ28 ይህ ወደ 11 ኪሎ ይወርዳል፤ ግማሽ መሆኑ ነው። በ22 እና በ34 ደግሞ ከ10 ኪሎ በታች ይሆናል፤ እግሩም በደቂቃ 62 ጊዜ ይዞራል። ይህ አማካይ ቁጥር መሆኑን ልብ ይበሉ። እግር ወደ ታች በሚረግጥበት ቅጽበት ጫናው ከዚህ በጣም ይበልጣል።

ጉልበቱ የታመመው ለዚህ ነው

የጉልበት ሎሚ የምንላት ትንሽ አጥንት የጭን ጡንቻ እግርን ሲዘረጋ በጭን አጥንት ጫፍ ላይ ተጭና ትንሸራተታለች። ጡንቻው አጥብቆ በሳበ ቁጥር፣ ጉልበትም ይበልጥ በታጠፈ ቁጥር ሎሚዋ ከጭን አጥንቱ ጋር ትጨቆናለች። በከባድ ማርሽ ዳገት መውጣት እነዚህን ሁለቱን በአንድ ላይ ያመጣል፤ በተለይ ኮርቻው ዝቅ ያለ ከሆነ። የእኛ ሰው ኮርቻም ዝቅ ያለ ነበር። "እግሬ መሬት ካልነካ እፈራለሁ" ይላሉ። ብዙ ሰው እንዲህ ነው።

የኮርቻውን ከፍታ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጡና ፔዳሉን ወደ ታች አውርደው ተረከዝዎን ያሳርፉበት። እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በወትሮው እንደሚረግጡት በእግርዎ መዳፍ የፊት ክፍል ሲረግጡ ጉልበትዎ በመጠኑ ብቻ ይታጠፋል። መፍትሔው ገንዘብ አያስወጣም፤ አንድ ቁልፍ ይበቃል። መሬት ላለመንካት የሚፈሩ ግን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያሉ ከፍ ያድርጉት።

እግር በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዙር ለሚለው፣ ሜዳ ላይ ከ70 እስከ 90፣ ዳገት ላይ ደግሞ ከ60 ባይወርድ ለጉልበት ጥሩ ነው። በሰዓት ለ15 ሰከንድ ይቁጠሩና በአራት ያባዙት። ዳገት ላይ ከ15 በታች ከቆጠሩ ማርሹ ከብዶዎታል፤ ከዚያ የሚቀል ማርሽ ከሌለዎት ደግሞ ብስክሌቷ ራሷ ለሰፈርዎ አልተሠራችም ማለት ነው።

ቀላል ማርሽ ያሳፍራል?

"የልጅ ናት" የሚለው ንግግር አዲስ አይደለም። የፈረንሳይ ዙር የብስክሌት ውድድር መሥራች ሄንሪ ደግራንዥ ማርሽ መቀየሪያ ለደካሞችና በዕድሜ ለገፉ ነው የሚል አቋም ነበረው። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1903 ቢጀመርም ማርሽ መቀየሪያ የተፈቀደው በ1937 ነው። ከዚያ በፊት ተወዳዳሪዎች ተራራው ሥር ሲደርሱ ይወርዱና የኋላ ጎማቸውን ፈትተው ይገለብጡት ነበር፤ ምክንያቱም በአንዱ ጎን ለሜዳ፣ በሌላው ጎን ለዳገት የሚሆን ጥርስ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2016 በዚህ ውድድር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተሳታፊ የሆነው ፅጋቡ ግርማይ በዘመኑ ማርሽ ነው ተራራዎቹን የወጣው። ዛሬ ሥራቸው ብስክሌት መንዳት የሆነ፣ 60 እና 65 ኪሎ የሚመዝኑ ወጣቶች ለረጅም ዳገት ከኋላ 30 እና 34 ጥርስ ያለው ማርሽ ያስገጥማሉ። እነሱ ያላፈሩበትን 80 ኪሎ የሚመዝን የሽሮ ሜዳ አባወራ የሚያፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

የእኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምርበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው የምትገኘው፤ እንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ይበልጣል። አዲስ አበባ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እኛ ለምደነዋል። ከጅዳ ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የሚመጡ ዘመዶቻችን ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዳገት ባይሞክሩ፣ ከሞከሩም በጣም ቀላል በሆነው ማርሽ ቢሆን ይሻላል።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ያለዎትን ይጠቀሙ። ብዙ ሰው አዲስ ዕቃ ሊገዛ ይሮጣል እንጂ ብስክሌቱ ላይ ያለችውን ትንሿን የፊት ማርሽ ነክቷት አያውቅም። ገመዱ ዝጎ ከሆነ ይቀየር። ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። መሐል ላይ ቆመው እየታገሉ ቢቀይሩት ካቴናው ይንገጫገጫል፣ አንዳንዴም ይወልቃል። በሚቀይሩበት ቅጽበት እግርዎን ማዞር ሳያቆሙ ጫናውን ብቻ ቀለል ያድርጉ። ከፊት ትልቁን ከኋላም ትልቁን አንድ ላይ አይጠቀሙ፤ ካቴናው በሰያፍ ስለሚሳብ ቶሎ ያልቃል። የወንድማችን ዳገት መውጫ ደግሞ በትክክል ይኸው ነበር።

ይህ ካልበቃ የኋላው ማርሽ ይቀየራል። ባለ 28 ጥርሱን አውጥቶ ትልቁ 34 ጥርስ በሆነው መተካት ይቻላል። ነገር ግን ጠጋኙን ሁለት ነገር ይጠይቁት። የኋላው ማርሽ መቀየሪያ ክንድ 34 ጥርስ ያስተናግዳል ወይ? ካቴናውስ ይደርሳል ወይ? ካቴናው ካጠረና በስሕተት ትልቁ ከትልቁ ጋር ከገባ መቀየሪያውን ገንጥሎት ይሄዳል።

አሮጌ ካቴና በአዲስ ማርሽ ላይ ማስገባትም ቁጠባ አይደለም። አዲስ ካቴና ከአንዱ ፒን መሐል አንሥተው 24 ማያያዣ ቢቆጥሩ 30 ሳንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 30 ሳንቲ ሜትር ከ8 ሚሊ ከሆነ አልቋል፤ ይጣል። ያለቀ ካቴና አጥብቀው ሲረግጡት ከጥርሱ ላይ ይዘላል። ዳገት ላይ ቆመው እየረገጡ እያለ ከዘለለ ጉልበትዎ ከብረቱ ጋር ይጋጫል፤ ከኋላ መኪና ካለ ደግሞ ሌላ ነው።

ማርሽ የሌላት፣ ዕቃ መጫኛ ያላት ጥቁሯ ብስክሌት ያለቻችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ከኋላ 18 ጥርስ ከሆነች 22 ጥርስ ቢገባላት፣ ካቴናውም በልኩ ቢረዝም፣ ዳገቱ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀላል። ሜዳ ላይ ፍጥነቷ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ለመሥሪያ ቤት መመላለሻ ግን አይጎዳም። በጣም ቀጥ ያለው ቦታ ላይ ወርዶ መግፋትም ያው እንቅስቃሴ ነው።

የስኳር ሕሙማን ልብ ሊሉት የሚገባ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። መካከለኛ ማለት እያነጋገሩ መሄድ የሚችሉት፣ መዝፈን ወይም ነሺዳ ማለት ግን የማይችሉት ነው። ዳገት ላይ በዚህ ልክ ለመቆየት የሚያስችልዎ ቀላል ማርሽ ብቻ ነው፤ በከባዱ ማርሽ ሁለት ቃል ተናግረው ትንፋሽ ያጥርዎታል።

ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ ክኒን የሚውጡ ሰዎች እየነዱ ስኳራቸው ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ ማጥመቅ፣ ብዥ ማለትና ድንገተኛ ረኀብ ምልክቶቹ ናቸው። ወዲያው ቆመው ሦስት ወይም አራት ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ሩብ ሰዓት ቆይተው ካልተሻለዎት ይድገሙ። ስለዚህ በኪስዎ ስኳር ወይም ተምር ይኑር። በረመዳን በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ሆነው ከዐሱር በኋላ ዳገት መውጣት አደገኛ ነው፤ ስለ መድኃኒቱም ስለ ጾሙም ወሩ ከመግባቱ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። የነርቭ ችግር ኖሮባቸው እግራቸው የደነዘዘ ደግሞ ክፍት ጫማ አድርገው አይንዱ። ማታ ሲገቡም እግራቸውን ይፈትሹ።

ደረት ላይ የሚጫን ሕመም ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ግራ ክንድ ከተሰማዎት ማርሽ አያድንዎትም፤ ወርደው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ጉልበቱም ቢሆን ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ወይም መሐል ላይ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ ሐኪም ይየው።

ጀለቢያ ወይም ዓባያ ለብሳችሁ የምትነዱ ደግሞ ጫፉን ሰብስባችሁ እሰሩት፤ ካቴና የበላው ልብስ ሰውን ይዞ ይወድቃል። አንዱን ጁምዓ ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው፤ ሰውየው ደኅና ነው፣ ጀለቢያው ግን አልተረፈም።

ወንድማችን ገመዱን አስቀየሩ፤ ኮርቻውንም ከፍ አደረጉ። ለሁለት ሳምንት ከሲድስት ኪሎ በላይ ያለውን ዳገት እየገፉ ጉልበታቸውን አሳረፉ። ከዚያ በትንሿ ማርሽ ጀመሩ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ልጅ በሩጫ ሲቀድማቸው ብስጭት እንዳሉ ነግረውኛል። ባለ 34 ጥርሱን ያስገቡት ከአንድ ወር በኋላ ነው። ጉልበታቸው ሙሉ በሙሉ አልተወም፤ ቀዝቃዛ ቀን ላይ አሁንም ይሰማቸዋል። ከሱጁድ ሲነሡ ግን እጃቸውን መሬት ላይ መደገፍ ትተዋል፤ ብስክሌቷም አልተሸጠችም።