ለትልቅ የዓሣ ማኖሪያ የሚስማማ አሸዋ ስለ መምረጥ

በሆቴል አዳራሽ ወይም በንግድ ቤት መግቢያ ትልቅ የመስተዋት ዓሣ ማኖሪያ ለማቆም የሚያስብ ሰው ስለ መስተዋቱ ውፍረት፣ ስለ ውሃ ማጣሪያው ሞተርና ስለ ዓሣው ዐይነት አጥብቆ ይጠይቃል፤ ስለ አሸዋው ግን «ከየትም ይምጣ» ብሎ ያልፋል። ይህ አሳብ ብዙ ዋጋ ያስከፍላል። መስተዋት ቢሰነጠቅ ወዲያው ይታያል፤ ክፉ አሸዋ ግን ለወራት ተደብቆ ቈይቶ ዓሣውን አንድ በአንድ ይጨርሳል። ያን ጊዜ ለመለወጥ ቢፈለግ ውሃውን ሁሉ አፍስሶ ሥራውን ከመሠረቱ መጀመር ግድ ይሆናል።

አስቀድሞ መጠኑ ይታወቅ። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱና ቁመቱ 60 ሣንቲ ሜትር የሆነ ማኖሪያ እስከ አፉ ቢሞላ 720 ሊትር ይይዛል። በወለሉ ላይ 5 ሣንቲ ሜትር አሸዋ ለማንጠፍ 60 ሊትር ያስፈልጋል፤ የደረቀ አሸዋ አንዱ ሊትር 1.6 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ነገሩ ወደ አንድ ኩንታል ይጠጋል። ሲታጠብ የሚጐድለውንም አስቦ ጥቂት መጨመር ይገባል። በግዢው ጊዜ አሸዋው ደረቅ መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል። እርጥብ አሸዋ በሚዛን ሲሸጥ የውሃ ዋጋ ይከፈልበታል፤ በመስፈሪያ ሲሸጥ ደግሞ ርጥበቱ ቅንጣቶቹን አራርቆ ስለሚያሳብጠው እስከ ሩብ የሚደርስ ባዶ ቦታ ይገዛል። ይህን የግንበኝነት ሥራ ያላቸው ነጋዴዎች ጠንቅቀው ያውቁታል።

የሳንጃና የመተማ ቆላ በአሸዋ ረገድ የታደለ አገር ነው። አንገረብና ጓንግ ከጎንደር ደጋ ወርደው ወደ ሱዳን ይፈሳሉ፤ ጓንግም ድንበሩን ካለፈ በኋላ አትባራ ተብሎ ይጠራል። እነዚህ ወንዞች በክረምት ደለሉን እየገፉ ይሞላሉ፤ በበጋ ግን ይጐድላሉ፤ ብዙው አልጋቸውም አሸዋ ሆኖ ይቀራል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በሰኔ ወር 1853 ዓ.ም. በሱዳን በረሓ ውስጥ በደረቀው የአትባራ ዳር ሰፍሮ ሳለ ሙላቱ በሌሊት ደረሰ፤ ሲነጋም ስፋቱ 450 ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ4.5 እስከ 6 ሜትር የሚሆን ወንዝ ፊት ለፊቱ ሲፈስ እንዳየ ጽፏል። አሸዋን እየፈጨ፣ ስለቱን እየሞረደ፣ ከባዱን ከቀላሉ እየለየ የሚያስቀምጠው ይህ ኀይል ነው። ስለዚህ ከድንጋይ መፍጫ ከወጣው ስለታም አሸዋ ይልቅ በወንዝ የተሞረደው ይመረጣል። አሸዋውን በበጋ፣ ወንዙ በሚታጠፍበት በውስጠኛው ወገን፣ ላዩን የሸፈነውን የጭቃ ቅርፊት ገፍፎ ከሥሩ ማውጣት ነው። ለንግድ የሚያወጣ ሰው ከክልሉ መሥሪያ ቤት ፈቃድ መያዝ አለበት።

ነገር ግን የወንዝ አሸዋ ሁሉ አንድ አይደለም። የጎንደር ደጋ በአብዛኛው እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ በመሆኑ ከእርሱ የሚወርደው አሸዋ የብረት ማዕድን ይቀላቀለዋል። በወረቀት የተጠቀለለ ማግኔት በደረቀው አሸዋ ላይ ቢያልፉበት ጥቁሩ ቅንጣት ተሰብስቦ ይጣበቃል። ዓሣውን አይጐዳም፤ ሆኖም በማጣሪያው ሞተር ውስጥ ያለው ማግኔት ወደ ራሱ እየሳበው ተሽከርካሪውን ይበላዋል። ብዙ የተጣበቀ እንደ ሆነ ሌላ አሸዋ መፈለግ ወይም በማግኔት ደጋግሞ ማጥራት ይሻላል።

ሁለተኛው ፈተና የኮምጣጤ ነው። በቆላው የዋልካ አፈር ውስጥ ብዙ ጊዜ ነጫጭ የኖራ ጉጦች ይገኛሉ፤ ጐርፍም ወደ ወንዙ ያወርዳቸዋል። በአንድ እፍኝ አሸዋ ላይ ኮምጣጤ ሲንጠባጠብ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት ማለት ነው፤ ይኸውም ቀስ በቀስ እየሟሟ ውሃውን ያከብደዋል። ቀረሶና አምባዛ ይህን ይችሉታል። ከአማዞን አገር የሚመጡት ጥቃቅን ጌጠኛ ዓሦች ግን ለስላሳ ውሃ የለመዱ ናቸውና ለእነርሱ አይሆንም። እንግዲህ ዓሣው ሳይታወቅ አሸዋ መግዛት ዐይንን ጨፍኖ መሸመት ነው።

ሦስተኛው ቀላል ነው፤ ጠርሙስ እስከ ግማሹ አሸዋ፣ የቀረውን ውሃ ሞልቶ አጥብቆ መናጥና ማስቀመጥ። አሸዋው ቶሎ ይዘቅጣል፤ ዋልካው ከላይ ሌላ ንጣፍ ሆኖ ይታያል። ይህ ንጣፍ ከአሸዋው ቁመት ዐሥረኛውን እጅ ካለፈ ማጠቢያው ከአሸዋው ይከብዳል።

በዐይን የማይታየውና ከሁሉ የከፋው ግን መርዝ ነው። በዚህ ቆላ የሰሊጥና የጥጥ እርሻ ሰፊ ነው። ከጸረ ተባይ መድኃኒቶች መካከል ፓይረትሮይድ የሚባለው ወገን ለዓሣ እጅግ መርዛም ሲሆን ከደለል ጋር ተጣብቆ ይቈያል። ስለዚህ አሸዋ ከእርሻዎቹ በላይ ካለው የወንዝ ክፍል መምጣት አለበት። ሲሚንቶ በሚራገፍበት ግቢ የተከመረ አሸዋም እንዲሁ አይታመንም፤ ሲሚንቶ ውሃውን ዓሣ ሊቋቋመው ወደማይችለው ጠባይ ይለውጠዋልና።

ስለ ቅንጣቱ መጠን፣ ከግማሽ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያለው መልካም ነው። ከዚህ የላመው ተጠቅጥቆ ውሃ አያሳልፍም፤ ከዚህ የጐላው ደግሞ የምግብ ትርፍራፊ በመካከሉ እየሰረገ ይበሰብሳል። በሁለት ወንፊት ማበጠር ይበቃል። አምባዛ በአፉ ዙሪያ ባሉት ሪዞች ወለሉን እየዳሰሰ ምግብ ስለሚፈልግ ስለታም ቅንጣት ያቈስለዋል። ወንዱ ቀረሶ በበኩሉ በእርባታ ጊዜ አሸዋውን በአፉ እየቈፈረ ጐድጓዳ ጎጆ ያበጃል፤ በአሸዋ ላይ ብቻ የተቀመጠ ትልቅ ድንጋይ ከሥሩ ተሸርሽሮ በመስተዋቱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ድንጋዩ አስቀድሞ በወለሉ ላይ፣ ከሥሩም ለስላሳ ንጣፍ ተደርጎለት ይቀመጥ፤ አሸዋው ከዚያ በኋላ ይከተል።

ጥልቀቱን በሚመለከት ጎንደርና መተማ አንድ ምክር አይቀበሉም። ውሃ በሞቀ ቍጥር የሚይዘው ኦክሲጅን ያንሳል፤ በባሕር ወለል ከፍታ በ25 ዲግሪ በአንዱ ሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ሲይዝ በ35 ዲግሪ 7 ያህል ብቻ ይይዛል፤ ብስባሽም በሙቀት ይፈጥናል። በወፍራም አሸዋ ሥር አየር ሲያልቅ የበሰበሰ ዕንቍላል የሚሸት መርዛም ጋዝ ይፈጠራል። በቆላ ከተሞች፣ ይልቁንም በመጋቢትና በሚያዝያ፣ 3 ሣንቲ ሜትር ይበቃል፤ በደጋ 5 ቢሆን አያስፈራም። ወለሉ ላይ ጥቁር ጥላ ሲታይ በእንጨት ቀስ ብሎ መፈቅፈቅ፣ ቆሻሻውንም በጐማ ቱቦ ከአሸዋው ትንሽ ከፍ አድርጎ መሳብ ነው።

እጥበቱ ያለ ሳሙና፣ በባልዲ በጥቂት በጥቂቱ፣ ውሃው እስኪጠራ ይደረጋል። ከዚያም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማድረቅ። ሲሞላ ውሃው በአሸዋው ላይ በተቀመጠ ሳሕን ላይ እንዲወርድ ቢደረግ አይደፈርስም። የመጠጥ ቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት አስቀድሞ በበርሜል በአየር እየተናጠ ቢቈይ ይመረጣል። ዓሣ ግን በዚያው ቀን አይገባም፤ ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ወደማይጐዳ ነገር የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በአሸዋውና በማጣሪያው ላይ እስኪሰፍሩ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ጤነኛ ማኖሪያ ያለው ጐረቤት ካለ ከእርሱ አንድ እፍኝ አሸዋ ለምኖ መጨመር ጊዜውን ያሳጥረዋል፤ ከዚያም ሁለት ወይም ሦስት ዓሣ አስገብቶ ሌሎቹን በየሳምንቱ ማስከተል ነው።