የናፍታ መኪና የውሃ ፓምፕ አፈታት

ከጐንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው የመኪና መንገድ በአምባ ጊዮርጊስ ያልፋል። ይህ ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ 2,900 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ፥ በክፍት ዕቃ የተጣደ ውሃ በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና፥ ውሃውን የሚያዘዋውረው ፓምፕ ቢበላሽበት ሞተሩ ፈጥኖ ይግላል፤ ቴስታታውም ሊጣመም ይችላል። ከፓምፑ ዘንግ በታች ካለችው ቀዳዳ ውሃ ሲንጠባጠብ፥ መፈታት እንዳለበት ይታወቃል።

አፈታቱም እንዲህ ነው።

፩ኛ፤ ሞተሩ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። የጋለ ራዲያተር ክዳኑ ቢከፈት የታመቀው እንፋሎት ፊትንና ዓይንን ያቃጥላልና።

፪ኛ፤ የባትሪው ሽቦ ይፈታ፤ ውሃውም ከራዲያተሩ ግርጌ በዕቃ ይቀዳ። የውርጭ መከላከያ የተቀላቀለበት ውሃ ጣዕሙ ቢጣፍጥም መርዝ ነውና ልጅም ከብትም አይቅረበው።

፫ኛ፤ ማራገቢያው ይፈታ፤ ቺንጊያው ላልቶ ይውጣ፤ ቱቦዎቹም ይነቀሉ።

፬ኛ፤ ብሎኖቹ ይፈቱ። ርዝመታቸው ልዩ ልዩ ሊሆን ስለሚችል እንደየስፍራቸው ይደርደሩ።

፭ኛ፤ ፓምፑ ቢጣበቅ በእንጨት ቀስ ተብሎ ይመታ እንጂ በብረት አይፈልቀቅ። የአሮጌው ጓርኒሲዮን ቅሬታም ተፍቆ ይጽዳ።

መምህራን ሆይ፥ ከብሎን አፈታት አስቀድማችሁ ለተማሪው ትዕግሥትን አስተምሩት። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ የሚጠብቅ ጥቂት ሰዓት ያጣል፤ የማይጠብቅ ግን ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።