የቤት ዋይፋይ ቁልፍ፦ ምስጠራና ማንነትን ማረጋገጥ

በቤታችን የሚገኘው የዋይፋይ ራውተር መልእክት የሚያስተላልፈው በራዲዮ ሞገድ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ራውተር የሚለቀው ሞገድ ርዝመቱ 12.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የቤት ግድግዳ ያዳክመዋል እንጂ ፈጽሞ አያግደውም። ስለዚህ ወደ አንድ ስልክ የተላከውን ሞገድ የጎረቤት ኮምፒዩተርም ሊቀበለው ይችላል። ሞገዱን ማገድ ካልተቻለ፣ የሚቀረው መፍትሔ የተቀበለው ሁሉ እንዳይረዳው ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ጉዳዮችን ለይተን እንመልከት። አንደኛው ምስጠራ ነው፤ ይኸውም መልእክቱን ቁልፍ ለሌለው ሰው ትርጉም አልባ ማድረግ ማለት ነው። ሁለተኛው ማንነትን ማረጋገጥ ሲሆን፣ ለመግባት የጠየቀው መሣሪያ በእርግጥ የተፈቀደለት መሆኑን ይለያል። በቤት ራውተር ሁለቱም የሚመሠረቱት በአንድ የይለፍ ቃል ላይ ነው።

ከዌፕ ወደ ደብሊውፒኤ

እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ዌፕ የተሰኘ የምስጠራ ሥርዓት፣ ለእያንዳንዱ የመልእክት ጥቅል ባለ 24 ቢት ቁጥር ከቁልፉ ጋር ያጣምር ነበር። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች 16,777,216 ብቻ በመሆናቸው፣ ሥራ በሚበዛበት ኔትወርክ መደጋገማቸው አይቀርም። በ2001 ደግሞ ፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር የተባሉ ተመራማሪዎች ከተጠለፉ ጥቅሎች ቁልፉን ማግኘት የሚቻልበትን መንገድ አሳዩ። ከዚህ በኋላ በ2003 ደብሊውፒኤ፣ በ2004 ደግሞ ኤኢኤስ በተባለው ጠንካራ የምስጠራ ስልት የሚሠራው ደብሊውፒኤ 2 ተተኩ።

ቃሉ ሳይነገር እንዴት ይታወቃል?

በደብሊውፒኤ 2 የይለፍ ቃሉ በአየር ላይ አይላክም። ራውተሩም ሆነ ስልኩ ቃሉን ከኔትወርኩ ስም ጋር 4,096 ጊዜ በሚደጋገም ስሌት አዋሕደው ባለ 256 ቢት ቁልፍ ያወጣሉ። ቀጥሎም በዘፈቀደ የመረጧቸውን ቁጥሮች ይለዋወጣሉ፤ ከእነዚህና ከቁልፉ የዕለቱን ግንኙነት መመስጠሪያ ያሰላሉ። በመጨረሻም እያንዳንዱ ወገን ቁልፉን ማወቁን የሚያስመሰክር ማረጋገጫ ኮድ ለሌላው ይልካል።

ይሁን እንጂ ይህን ልውውጥ የቀዳ ጠላፊ ከራውተሩ ርቆ፣ ቃላትን አንድ በአንድ እየገመተ ስሌቱን በመድገም ኮዱ ሲገጥም ቃሉን ያገኛል። ራውተሩም ይህን አያውቅም።

ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

የይለፍ ቃሉ በ09 የሚጀምር የሞባይል ስልክ ቁጥር ነው እንበል። ያልታወቁት 8 አኃዞች ብቻ ስለሆኑ፣ ያለው አማራጭ 100,000,000 ነው። በሰከንድ 100,000 ቃላት የሚሞክር መሣሪያ ሁሉንም በ1,000 ሰከንድ፣ ማለትም 17 ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ይጨርሳቸዋል። በአንጻሩ ቃሉ በዘፈቀደ ከተመረጡ 12 ትናንሽ የላቲን ፊደላት የተሠራ ቢሆን፣ አማራጩ 95,000 ትሪሊዮን ያህል ይሆናል፤ ያው መሣሪያ ሁሉንም ለመሞከር 30,000 ዓመት ገደማ ያስፈልገዋል። በሁለቱም ጊዜ የምስጠራው ስልት ያው ኤኢኤስ ነው፤ የተለየው ቃሉ ብቻ ነው።

በ2018 የወጣው ደብሊውፒኤ 3 ይህን ክፍተት ለመድፈን የተነደፈ ነው። በዚህ ሥርዓት ጠላፊው ለእያንዳንዱ ግምት ከራውተሩ ጋር አዲስ ልውውጥ ማድረግ ስላለበት፣ የቀዳው ብቻ አይጠቅመውም። ራውተራችን ይህን የሚቀበል ከሆነ እርሱን፣ ካልሆነ ደብሊውፒኤ 2ን ከኤኢኤስ ጋር እንምረጥ። ቃሉንም ከስልክ ቁጥርና ከስም አርቀን እናርዝመው።