የፎገራ ኩንታልና የአውሮፓ ሜዳሊያ

ከወረታ ከተማ የሩዝ መፈልፈያዎች ደጃፍ የቆመ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ይኸውም መቶ ኪሎ የሚመዝን ኩንታል በትከሻው ተሸክሞ ወደ ጭነት መኪና የሚወጣው ጫኝና አውራጅ ነው። ይህ ሰው ከጧት እስከ ማታ ያነሣውን የሚመዘግብለት የለም። የአውሮፓ ክብደት አንሺዎች ያነሡት ኪሎ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሲጻፍ ኖሯል። የዚህ ልዩነት ምክንያት ምንድን ነው? ከዚያስ ለፎገራ የሚጠቅም ትምህርት ይገኛልን? በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ለመመርመር አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአውሮፓ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገው በ1896 በሮተርዳም ነው። በዚያው ዓመት በአቴና ኦሊምፒክ የዴንማርኩ ቪጎ ዬንሰንና የእንግሊዙ ላውንስተን ኤልየት በሁለት እጅ እኩል 111.5 ኪሎ አነሡ። ዳኞቹም የዬንሰን አነሣሥ ይበልጥ የተስተካከለ ነው ብለው አንደኝነቱን ለእርሱ ሰጡ። እንግዲህ ከመነሻው የተመዘነው ጉልበት ብቻ አልነበረም፤ ሥርዓትም ተመዝኗል።

ዛሬ ውድድሩ በሁለት ዐይነት አነሣሥ ይደረጋል። አንደኛው ብረቱን ከመሬት በአንድ ጊዜ ከራስ በላይ ማድረስ ነው፤ ሁለተኛው በደረት ላይ አሳርፎ ቀጥሎ ወደ ላይ መግፋት ነው። በክንድ ጉልበት የሚገፋው ሦስተኛው ዐይነት ለዳኝነት አስቸጋሪ ስለ ሆነ ከ1972 በኋላ ቀርቷል። ስለዚህ በ1970 ቫሲሊ አሌክሴዬቭ በሦስቱ አነሣሥ ድምር ከ600 ኪሎ ማለፉን፥ በ2021 የጆርጂያው ላሻ ታላካዜ በሁለቱ 492 ኪሎ ማንሣቱን ያነበበ ሰው፥ የኋለኛው ደካማ ነው ብሎ እንዳይፈርድ።

ተወዳዳሪዎች በሰውነት ክብደት መከፈላቸው ደግሞ ለትንሹም ሰው በር ከፍቷል። በቡልጋሪያ ተወልዶ ለቱርክ የተወዳደረው ናይም ሱሌይማኖግሉ ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከሃምሳ አይበልጥም ነበር። በ1988 በሴኡል በ60 ኪሎ ክፍል ተወዳድሮ 190 ኪሎ አነሣ፤ ይህም ከሰውነቱ ክብደት ሦስት እጥፍ በላይ ነው።

ይሁንና የሜዳሊያ ዝርዝር ሁሉ የሚታመን አይደለም። በ2012 በለንደን በ94 ኪሎ ክፍል ከፊት የነበሩት ብዙዎቹ የተከለከለ መድኃኒት ወስደው ስለ ተገኙ፥ አምስተኛ የወጣው ኢራናዊ ወርቁን፥ ዘጠነኛ የወጣው ፖላንዳዊ ነሐሱን ወሰዱ። ከምርመራ የማያመልጥ ድል ብቻ ነው ድል።

ይህ ሁሉ የአውሮፓ ነገር ነው የሚል ቢኖር ወደ ግብጽ ይመልከት። የርብና የጉማራ ወንዞች ጣና ገብተው በዓባይ አድርገው በሚደርሱበት በዚያ አገር፥ ኤል ሰይድ ኖሴር በ1928 በአምስተርዳም ወርቅ አግኝቷል፤ ኸድር ኤል ቱኒም በ1936 በበርሊን ከሁለተኛው በ35 ኪሎ በልጦ አሸንፏል። የእኛ አገር የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች ግን እስከ 2024 ድረስ ሁሉም በአትሌቲክስ የተገኙ ናቸው።

ታዲያ ፎገራ ያጣው ጉልበት ነውን? አይደለም። ያጣው ብልሃትና መዝገብ ነው። ክብደት አንሺ ጀርባውን አቅንቶ፥ ብረቱን ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ፥ በጭኑ ኀይል ይነሣል፤ ክብደቱን ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ካነሣም በኋላ ያርፋል። ጫኝና አውራጁ ግን ጎንበስ ብሎ በወገቡ ያነሣል፤ ዕረፍትም የለው። ያ የሚሠለጥንበት ሸክም ይህን ያስረጀዋል።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ፥ አንድ ጎልማሳ ወንድ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ የሚበልጥ ከሆነ እንዲቀነስ እርምጃ ይወሰድ ብሏል። የእኛ ኩንታል የዚህ እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው?

ስለዚህ ሩዙ በሃምሳ ኪሎ ጆንያ ይሞላ እንላለን። «መመላለሱ ይበዛል» የሚል ነጋዴ ይኖራል፤ እውነት ነው፥ ይበዛል። ነገር ግን ወገቡ የተቆረጠ ሠራተኛ አንድ ጊዜም አይመላለስም። ሠራተኛውም ገቢዬ ይቀንሳል ብሎ እንዳይሰጋ፥ ሁለቱ ጆንያ እንደ አንድ ኩንታል ይከፈል፤ ለተጨማሪው ምልልስም ይታሰብለት።

እኛ ተማሪዎች ደግሞ በመከር ወራት ወደ አገራችን ስንገባ ትክክለኛውን አነሣሥ እናሳይ፤ በትምህርት ቤቶችም አንድ የብረት ዘንግና አንድ መዝገብ እንዲኖር እንጠይቅ። ከፎገራ ባለ ሜዳሊያ ይወጣ እንደ ሆነ ጊዜ ያሳየናል። አስቀድሞ ግን ኩንታሉን የሚሸከመው ወንድማችን በሽምግልናው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይሁን።