ስልኩ «ተመዝግበዋል» ያለበት ቀን፦ የሰርቨርን መልስ ከታይፕ ስለማዘጋጀት



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን አንድ ዌብሳይት ለጠየቀው ሰው መልስ የሚያዘጋጅበትን መንገድ እናያለን። ኮምፒዩተር ሳይንስና ሶፍትዌር ምህንድስና የምትማሩ ለፕሮጀክታችሁ በቀጥታ ትጠቀሙበታላችሁ። ሌሎቻችሁም ስልካችሁ «ተሳክቷል» ሲላችሁ ምንን አይቶ እንደሆነ ትረዱበታላችሁ። የምጀምረው ከራሴ ስህተት ነው።

ለዒደል ፊጥር ጀማዓችን በሻሸመኔ መስመር ወደ ቤተሰብ ለሚሄዱ ተማሪዎች አንድ አውቶቡስ ተከራየ። ምዝገባውን የሚቀበለውን ትንሽ ዌብሳይት የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። በዋዜማው ጠዋት አንድ የአዳሚ ቱሉ ልጅ ሻንጣውን ይዞ አውቶቡሱ በር ላይ መጣ። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ፤ አረንጓዴ ምልክትና «ተመዝግበዋል» የሚል ጽሑፍ አለበት።

«አኺ፣ ይኸው እኮ!» አለኝ።

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። በዒድ ዋዜማ ከአዳማ ተነስቶ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ በኩል አዳሚ ቱሉ ለመድረስ መኪና መለመን ምን እንደሚመስል የመስመሩ ልጆች ታውቁታላችሁ። መናኸሪያ ተሰልፎ፣ መኪና እየቀያየረ ሄደ። ቤቱ የገባው ቤተሰቡ ካፈጠረ በኋላ ነው። እኔም ዒዱን ያሳለፍኩት ኮዴን ሳገላብጥ ነበር።

ሰርቨሩ ምን አለ? ስልኩ ምን ሰማ?

የሚገርመው ሰርቨሩ እውነቱን ተናግሯል። ለልጁ የላከው ጽሑፍ «ቦታ ሞልቷል» የሚል ነበር። ችግሩ ስልኩ ጽሑፉን አለማንበቡ ነው።

በኤችቲቲፒ የሚመጣ መልስ ሦስት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው የሁኔታ ቁጥር ነው። ሁለተኛው ሄደር ነው፤ ስለ መልሱ የሚገልጹ መረጃዎች፣ ለምሳሌ የይዘቱ ዓይነትና ርዝመት፣ የሚቀመጡበት ክፍል ነው። ሦስተኛው ቦዲ ነው፤ ጽሑፉ፣ ገጹ ወይም ዳታው ራሱ።

ቁጥሮቹ በመጀመሪያ አሃዛቸው ይመደባሉ። በ2 የሚጀምሩት «ተሳክቷል»፣ በ3 የሚጀምሩት «ወደ ሌላ ቦታ ሂድ»፣ በ4 የሚጀምሩት «ጥያቄው ላይ ችግር አለ»፣ በ5 የሚጀምሩት ደግሞ «ችግሩ እኔ ሰርቨሩ ጋ ነው» ማለት ናቸው። ሁላችንም የምናውቀው 404 «የጠየቅከው እዚህ የለም» ማለት ነው።

የእኔ ገጽ በጃቫስክሪፕት ጥያቄውን ልኮ መልሱ ሲመጣ «ኦኬ» የሚባለውን ምልክት ብቻ ያይ ነበር። ይህ ምልክት እውነት የሚሆነው ቁጥሩ ከ200 እስከ 299 ባለው ውስጥ ሲሆን ነው። የእኔ ሰርቨር «ቦታ ሞልቷል» የሚለውን ጽሑፍ የላከው ከ200 ጋር ነበር። ስለዚህ ገጹ አረንጓዴውን ምልክት አወጣ። ቃሉ «የለም» ሲል ቁጥሩ «አለ» አለ፤ ስልኩም ቁጥሩን አመነ።

200 ከየት መጣ?

እኔ 200 ብዬ የትም ቦታ አልጻፍኩም። እዚህ ላይ የዛሬው ትምህርት ይጀምራል።

ዌብሳይቱ የተጻፈው በረስት ቋንቋ፣ አክሱም በሚባል ፍሬምወርክ ነው። ረስት የመጀመሪያ የተረጋጋ ስሪቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጣ። ስሙ ከእኛው አክሱም ጋር አንድ የሆነው ፍሬምወርክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ሆነ። በአክሱም ጥያቄ የሚቀበል ፈንክሽን ሃንድለር ይባላል። ሃንድለሩ መልሱን ቁጥር በቁጥር፣ ሄደር በሄደር መገንባት አይጠበቅበትም፤ አንድ ዋጋ ይመልሳል፣ ፍሬምወርኩ ደግሞ የዚያን ዋጋ ታይፕ አይቶ ሙሉ መልስ ያዘጋጃል።

ይህን የሚያስችለው «ኢንቱ ሪስፖንስ» የተባለ ትሬይት ነው። ትሬይት ማለት ታይፕ የሚገባው ውል ነው። ይህን ውል የገባ ታይፕ «ራሴን ወደ ኤችቲቲፒ መልስ መቀየር እችላለሁ» ብሏል ማለት ነው። ፍሬምወርኩ ለብዙ ታይፖች ውሉን አስቀድሞ ጽፎልናል፦

- ስትሪንግ ከመለሳችሁ፦ ቁጥሩ 200፣ የይዘቱ ዓይነት ተራ ጽሑፍ፣ የፊደል አጻጻፉ ዩቲኤፍ-8።
- በ«ኤችቲኤምኤል» የተጠቀለለ ጽሑፍ ከመለሳችሁ፦ 200፣ የይዘቱ ዓይነት የድር ገጽ።
- በ«ጄሶን» የተጠቀለለ ዳታ ከመለሳችሁ፦ 200፣ የይዘቱ ዓይነት ጄሶን።
- የሁኔታ ቁጥር ብቻ ከመለሳችሁ፦ ያ ቁጥር፣ ባዶ ቦዲ።
- ቁጥርና ሌላ ዋጋ በአንድ ቅንፍ ውስጥ አጣምራችሁ ከመለሳችሁ፦ ቦዲው ከዋጋው፣ ቁጥሩ ከሰጣችሁት።
- «ሪዘልት» ከመለሳችሁ፦ ከተሳካ የስኬቱ ዋጋ፣ ካልተሳካ የስህተቱ ዋጋ ወደ መልስ ይቀየራል። ሁለቱም ውሉን መግባት አለባቸው።

እንግዲህ የመጀመሪያውን መስመር ልብ በሉ። እኔ «ቦታ ሞልቷል» የሚል ስትሪንግ መለስኩ። ፍሬምወርኩ አማርኛውን አያነብም፤ የሚያየው ታይፑን ነው። ስትሪንግ ደግሞ «ይኸው ጽሑፍ» ከማለት ሌላ የሚናገረው የለም። ስለዚህ 200 ሰጠው። ፍሬምወርኩ አልተሳሳተም፤ እኔ የሆነውን ነገር ለመግለጽ የማይበቃ ታይፕ መረጥኩ።

የሆነውን ነገር ታይፕ ማድረግ

መፍትሔው አንድ ሰው ሲመዘገብ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ቆጥሮ ታይፕ ማድረግ ነው። በረስት ለዚህ የሚያገለግለው ኢነም ነው። ከስሪት 1.53 ጀምሮ ስሞችን በአማርኛ ፊደል መጻፍ ይቻላል፤ ቁልፍ ቃላቱ ግን እንግሊዝኛ ናቸው። እዚህ ለንባብ እንዲመች ሁሉንም በእኛ ፊደል አስፍሬዋለሁ፦

ኢነም የምዝገባ_ውጤት {
  ተመዝግቧል(ወንበር),
  ቀድሞ_ተመዝግቧል(ወንበር),
  ቦታ_ሞልቷል,
  አልገባም,
  የውስጥ_ችግር,
}

ቀጥሎ ለዚህ ታይፕ ራሳችን ውሉን እንጽፍለታለን። እያንዳንዱ ውጤት ከቁጥሩና ከቃሉ ጋር አንድ ቦታ ላይ ይጣመራል፦

ተመዝግቧል → 201፣ «ተመዝግበዋል» ከወንበር ቁጥር ጋር
ቀድሞ_ተመዝግቧል → 200፣ ያው የወንበር ቁጥር
ቦታ_ሞልቷል → 409፣ «ቦታ ሞልቷል»
አልገባም → 401፣ «መጀመሪያ በመለያዎ ይግቡ»
የውስጥ_ችግር → 500፣ «ችግር ገጥሞናል፤ ቆይተው ይሞክሩ»

201 «አዲስ ነገር ተፈጥሯል» ማለት ነው። 409 ደግሞ ጥያቄው አሁን ካለው ሁኔታ ጋር መጋጨቱን ይናገራል። «ቀድሞ ተመዝግቧል» የሚለውን ለምን ለየነው? ኔትወርክ ሲቆራረጥ ምዝገባው ሰርቨሩ ላይ ተሳክቶ መልሱ መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ተማሪው እንደገና ሲጫን ሁለት ወንበር እንዳይይዝ፣ ወይም «አልተሳካም» ተብሎ እንዳይደነግጥ፣ ያንኑ ወንበር እንነግረዋለን።

ከዚህ በኋላ ሃንድለሩ የሚመልሰው «የምዝገባ_ውጤት» ብቻ ነው። «ቦታ_ሞልቷል» ካለ 409 አብሮት ይወጣል። ቃሉና ቁጥሩ ከአንድ ምንጭ ስለሚወጡ አንዱ ተረስቶ ሌላው አይሄድም።

ትልቁ ጥቅም የታየኝ ግን በኋላ ነው። ኮሚቴው ምዝገባው የሚዘጋበት ሰዓት እንዲኖር ወሰነ። ኢነሙ ላይ «ተዘግቷል» የሚል ስድስተኛ ውጤት ጨመርኩና ኮዱን ኮምፓይል አደረግኩ። ኮምፓይለሩ እምቢ አለ፤ መልሶቹ የተዘረዘሩበትን መስመር ጠቅሶ «ተዘግቷል የሚለውን አላስተናገድክም» አለኝ። 403 ብዬ እስክሞላው ድረስ ፕሮግራሙ አልተሠራም። የረሳሁትን ነገር በዒድ ዋዜማ ሻንጣ የያዘ ተማሪ ሳይሆን፣ ጠረጴዛዬ ላይ ኮምፓይለሩ ነገረኝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በዝርዝሩ መጨረሻ «ሌላው ሁሉ → 200» የሚል መያዣ መስመር አትጻፉ። ከጻፋችሁ ኮምፓይለሩ ዝም ይላል፤ የረሳችሁትም ሁሉ በዚያ ቀዳዳ ያልፋል።

የማይወጣው አይውጣ

ሁለተኛው ጥቅም ስለ ምስጢር ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ስም፣ የስልክ ቁጥርና የሚወርድበት ከተማ ተመዝግቧል። የወንበር ዝርዝሩን ለሁሉም ስናሳይ የእህቶቻችን ስልክ ቁጥር አብሮ መውጣት የለበትም። የሰጡን በአማና ነው።

በረስት አንድ ታይፕ ወደ ጄሶን የሚቀየረው «ሲሪያላይዝ» የተባለውን ውል ከገባ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ታይፕ እንሠራለን። «ተሳፋሪ» ሁሉን ይይዛል፤ ወደ ጄሶን የመቀየር ውል ግን አንሰጠውም። «የሚታይ_ተሳፋሪ» ስምና የወንበር ቁጥር ብቻ ይይዛል፤ ውሉንም እሱ ይገባል። ማንም በችኮላ «ተሳፋሪ»ን በቀጥታ ልመልስ ቢል ኮዱ ኮምፓይል አይሆንም።

በፓይተን ፋስት ኤፒአይን የምትጠቀሙ የመልሱን ሞዴል ስትገልጹ ፍሬምወርኩ ከሞዴሉ ውጭ ያሉትን መረጃዎች አጣርቶ ያስቀራል። ቼኩ የሚደረገው ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ቢሆንም ሐሳቡ አንድ ነው።

ለአማርኛችን ትንሽ ነገር

የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ለእያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ሰላም» 3 ፊደል ነው፣ 9 ባይት ነው። ሄደሩ ላይ የሚጻፈው ርዝመት የሚቆጠረው በባይት ነው። መልስን በእጃቸው የሚገነቡ ሰዎች ፊደል ቆጥረው 3 ብለው ሲጽፉ ተቀባዩ ከመጀመሪያው ፊደል አያልፍም። የአጻጻፉን ዓይነት ሳይገልጹ ሲቀሩ ደግሞ ጽሑፉ ተዘበራርቆ ሊታይ ይችላል። መልሱ ከታይፕ ሲወጣ ሁለቱንም ፍሬምወርኩ ይሞላዋል።

ታይፕ የማይሠራልን

ታይፕ ሁሉን ይፈታል ብላችሁ እንዳትወጡ። «ቦታ_ሞልቷል → 200» ብዬ ብጽፍ ኮምፓይለሩ ይቀበለኛል፤ ሁሉም ውጤት መልስ እንዳገኘ እንጂ መልሱ ትክክል መሆኑን አያውቅም። ትክክለኛውን ቁጥር የሚመርጠው ሰው ነው፤ ለእያንዳንዱ ውጤት ቁጥሩን የሚፈትሽ ቴስት መጻፍም ያስፈልጋል።

ሁለት ተማሪዎች በአንድ ቅጽበት የመጨረሻዋን ወንበር ቢጫኑም ታይፑ አይለያቸውም። ወንበሩ ባዶ መሆኑን ማየትና መያዝ በአንድ የዳታቤዝ ትራንዛክሽን ውስጥ መሆን፣ አንድ ወንበርም ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ ዳታቤዙ ራሱ መከልከል አለበት። ከዚያ በኋላ የተቀደመው ተማሪ «ቦታ_ሞልቷል» የሚለውን ያገኛል፤ ስልኩም ቀይ ያሳየዋል።

መለማመጃ

1. የምትሠሩበትን ፕሮጀክት ክፈቱና ስህተት የሚናገር ጽሑፍ ከ200 ጋር የሚላክበት ቦታ ፈልጉ።
2. ኪታብ የማዋስ ሥራ ላለው ዌብሳይት የውጤት ኢነም ጻፉ። ኪታቡ ሌላ ሰው ጋ ከሆነስ? ተዋሹ የቀድሞውን ካልመለሰስ? ለእያንዳንዱ ቁጥር ምረጡና ለምን እንደመረጣችሁ ለጓደኛችሁ አስረዱ።
3. በመልሳችሁ የሚወጣውን ጄሶን አንብቡ። ሌላ ሰው ሊያየው የማይገባ ነገር አለበት?

ያን ወንድማችንን ከዒድ በኋላ አግኝቼ ዐፍው ጠይቄዋለሁ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ስቆ አለፈኝ። አዲሱን ገጽ የፈተነልኝም እሱ ነው። አውቶቡሱን በሙከራ ስሞች ሞልቼ «እስቲ ተመዝገብ» አልኩት። ተጫነ፤ ስልኩም «ቦታ ሞልቷል» አለው። «አሁን ገና እውነቱን ተናገረ» አለኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።